ለሐዘን ያዘቀዘቅኩት ነጠላ

ሞኝነቴን ራሴ ልናገርና ልገላገል፤ ሰፈሩ እንደሆነ ከኔ በፊት አውርቶ ጨርሶታል። ዕድሜ ልኬን አናጢ ሆኜ፣ የሚሽከረከር መጋዝ ላይ ነጠላ ለብሼ የጎነበስኩ ሰው ነኝ። ነገሩ የደረሰው ባለፈው ክረምት መውጫ፣ እዚሁ ላሊበላ ነው። የማልረሳው ግራ እጄን ባየሁ ቁጥር ስለሚመጣብኝ ነው። እጅ ደግሞ ቤት ትተውት የሚወጡት ነገር አይደለም።

አባተ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ከጎረምሳነታችን ጀምሮ በአንድ ወርክሾፕ እንጨት ስንጠርብ ኖረናል። ሲታመም አንድ ነገር አደራ አለኝ።

“ዕድሜዬን ከእንጨት ጋር ኖሬ በሰሌን ጠቅልላችሁ እንዳትቀብሩኝ። ሳጥኔን አንተ ሥራው። ከጽድ ይሁን።”

እኔ መቼም አፌ አያርፍ፣ “ልክህን ልውሰድ?” አልኩት።

ሳቀ። “ሰፋ አርገው እንጂ። ከሙሉ ጋር አልጋው ጫፍ ላይ ነው የኖርኩት” አለ። ሙሉ ሚስቱ ናት።

ሊነጋጋ ሲል አረፈ። የሚቀበረው ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው የትውልድ አጥቢያው ስለሆነ፣ ከቀትር በፊት መነሳት ነበረበት። ከለቅሶው ቤት በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ ሮጥኩ።

የጠረጴዛ መጋዛችን ጥርሱ ከጠረጴዛው መሀል ብቅ ብሎ የሚዞር ነው። አባተ ከእንጨት መከለያ ሠርቶለት ነበር። ሥራ ያዘገያል ብዬ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አድርጌው ነበር። አባተ ታዲያ፣ “ማሽን ላይ ስትቆም የሚንጠለጠል ነገር አውልቅ። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፋ” ሳይለኝ አይውልም። እኔም “እሺ አባቴ” እልና ወደ ሥራዬ እዞራለሁ።

ያን ዕለት ነጠላውን ላወልቅ እጄን ሰድጄ ነበር። ከዚያ ተውኩት። ወዳጄ ሞቶ፣ የሱን ሳጥን እየሠራሁ፣ ለሐዘን ያዘቀዘቅኩትን ነጠላ መጣል ነውር መሰለኝ። ጫፉን ብብቴ ሥር ወትፌ ጀመርኩ።

ሳጥኑ አለቀ። የክዳኑን ሳንቃ ግማሽ ላይ እንዳደረስኩ መብራት ሄደ። መጋዙ ሳንቃው ውስጥ እንደተቀረቀረ ቆመ።

የሙሉ ወንድም ከለቅሶው ቤት ተልኮ መጣ። “አልቋል? ቄሶቹ ቆመዋል እኮ!” አለኝ።

“እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ መብራቱን ጠይቀው” አልኩት።

መብራቱ ዝም አለ። የቀረውን በእጅ መጋዝ እጨርሰዋለሁ ብዬ ሳንቃውን ለመንቀል ጎነበስኩ። ማብሪያውን አላጠፋሁም። የነጠላው ጫፍ ከብብቴ አምልጦ ጥርሱ ላይ ማረፉንም አላየሁም።

መብራት መጣ።

አንገቴ ወደ ታች ሲሳብ ይታወቀኛል። ፊቴ ወደ ጥርሱ እየቀረበ፣ የእንጨት ብናኙ ዓይኔ ውስጥ እየገባ። ላለመውደቅ ግራ እጄን ዘረጋሁ። ነጠላው ያረጀ ነበርና ተተርትሮ ለቀቀኝ። ሚስቴ “ይሄን ቡትቶ ቀይረው” ስትል እምቢ ማለቴ ነው አንገቴን ያተረፈው። የሙሉ ወንድም ዘሎ ማብሪያውን አጠፋ። ሁለት ጣቶቼ፣ ሌባ ጣቴና የመሀሉ፣ ግን ሄደዋል፤ ሳንቃው በደም ርሷል። ሕመሙ የመጣው ኋላ ነው። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው “ክዳኑ!” የሚል ነበር።

እኔን ወደ ሐኪም ቤት፣ አባተን ወደ መቃብሩ ይዘውን ሄዱ። ክዳኑን የሚጨርስ ሰው አልተገኘም። አባተ ክዳን በሌለው ሳጥን፣ ከላይ ሰሌን ለብሶ ተቀበረ። ያን አታልብሱኝ ያለውን ሰሌን።

አሁን መከለያው ወደ ቦታው ተመልሷል። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ሳላጠፋ ንቅንቅ አልልም። ነጠላዬ በር ላይ ከሚስማሩ ይንጠለጠላል፤ ለቅሶም ቢሆን። ቀልዴም አልቀረም፤ ሻይ ቤት ገብቼ “ሁለት” ለማለት ግራ እጄን ሳነሳ፣ አስተናጋጇ ምንም ሳታመጣ ትቀራለች። ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የጽድ ሽታ የመጣ ጊዜ ግን ሳቁ ከየት ይመጣል?

በዚያው ሰሞን፣ እጄ እንደታሰረ ሙሉ ልትጠይቀኝ መጣች፤ ጥቁሯን ለብሳ። እሷን ማጽናናት ሲገባኝ እሷ ጠያቂ ሆና ቁጭ አለች። የምገባበት ቢጠፋኝ ቀልድ ጀመርኩ።

“ሁለቱን ጣቶቼን ክዳኑን እንዲጨርሱ ወደ አባተ ልኬያቸዋለሁ” አልኳት።

አልሳቀችም። ቀልዱን ትቼ፣ “ስለ ክዳኑ ይቅር በይኝ” አልኳት።

“ክዳኑን ተወው፣ አፈር ከድኖታል” አለች። ከዚያ የታሰረውን እጄን እያየች እንዲህ አለችኝ፤ “ለቅሶ የመጣው ሁሉ ‘ምን ሆኖ ነው?’ ሲለኝ፣ እኔስ ‘ታሞ ነው’ እላለሁ። ሚስትህን ‘ምን ሆኖ ነው?’ ቢሏት ምን ልትል ነበር? ‘ማብሪያ ማጥፋት ረስቶ ነው’ ልትል?”