ጭረት የሌለው ቡፌ

ሠፈሩ «ሳያንስ ሳይበዛ» ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ግምጃ ቤት ውስጥ ንብረት ሲረከብ የኖረ ሰው ነው፤ «ወንበር አንድ፣ የኋላ ቀኝ እግሩ የላላ» ብሎ ከጻፈ እግሩ ላልቷል፣ ቀኝ ነው፣ የኋላ ነው፣ አለቀ። ሚስቱ እንኳ «ይሄ ቀሚስ እንዴት ነው?» ብላ መጠየቅ ከተወች ቆየች። አንዴ ጠይቃው መልሱን በዝርዝር ሰምታለች።

ግምጃ ቤቱ ሲዘጋ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ቀጠረው። ነጋዴው የሚሸጠው በኢንተርኔት ጨረታ ነው፤ ዕቃው ፎቶ ይነሳል፣ ከፎቶው በላይ አንዲት መስመር ርዕስ ትጻፋለች፣ ሳምንት ሙሉ ያየ ዋጋ ይሰጣል፣ አብልጦ የሰጠ ይወስዳል። ርዕሷ ከሰባ ፊደል አትበልጥም። ነጋዴው ራሱ ሲጽፋት «ብርቅ ድንቅ! እንዳያመልጥዎ! ለቤትዎ ግርማ ሞገስ!» ይል ስለነበር ሰባው ፊደል አልቆም ዕቃው ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ሳያንስ ሳይበዛ በገባ ቀን ይህን ሁሉ ጠረገው። «ጋሼ፣ ጠረጴዛ የፈለገ ሰው መፈለጊያው ላይ ‹ግርማ ሞገስ› ብሎ አይጽፍም። ‹ጠረጴዛ› ብሎ ነው የሚጽፈው» አለ። እንግዲህ መጀመሪያ የዕቃው ስም፣ ቀጥሎ ከምን እንደተሠራ፣ ቀጥሎ ልኩ፣ መጨረሻ ላይ ጉድለቱ። «ጠረጴዛ፣ የእንጨት፣ ለስድስት ሰው፣ አንድ ጥጉ የተቃጠለ» ብሎ ጻፈ።

ነጋዴው «የተቃጠለ» የምትለዋን ሲያይ ደሙ ፈላ። «ሰውዬ፣ ዕቃ ሽጥልኝ አልኩህ እንጂ አስከሬን መርምርልኝ አልኩህ?»

«ተቃጥሏል እኮ።»

የሰው ነገር ግን ግራ ነው። ጠረጴዛው ነጋዴው በሕልሙም ያላየውን ዋጋ አወጣ። ገዢ ሁሉ «ይቺን ቃጠሎ ያልደበቀ ሌላ ምን ይደብቃል?» እያለ ተረባረበ። ከዚያ ወዲህ ስንጥቁም፣ ዝገቱም፣ የጠፋው ቁልፍም ርዕስ ላይ እየወጣ ይቸበቸብ ጀመር። ነጋዴውም እውነት ደግ ነገር መሆኗን በስተርጅና ተማረና ለመጣ ለሄደው ይሰብክ ያዘ።

ችግር የመጣው ደህና ዕቃ የመጣ ዕለት ነው።

አንዲት ጡረታ የወጡ አሮጊት አስተማሪ ባለ ሦስት በር ቡፌ አስጭነው መጡ። ልጃቸው ቤት ሊገቡ ነው፤ ቡፌው እዚያ ቦታ የለውም። «ሽጡልኝና ለልጄ አንድ ነገር ይዤላት ልግባ፤ ባዶ እጄን ተንጠልጥዬ ሸክም አልሆንባትም» አሉ። «ደግሞ ምንም የለውም፣ ሠላሳ ዓመት ሕፃን አላስደገፍኩበትም።» ሳያንስ ሳይበዛ የሰው ቃል አይበቃውም። ባትሪ ይዞ ዞረው፤ በደረቱ ተኝቶ ከሥሩ ሳይቀር አየው። እውነትም ምንም የለውም። «ቡፌ፣ ባለ ሦስት በር፣ ባለ መስታወት፣ ምንም ጉድለት የሌለው» ብሎ ጻፈ።

ሳምንቱ አለቀ። ዋጋ የሰጠ አንድ ሰው የለም። ገዢዎቹ ለምደዋላ፤ እነዚህ ሰዎች ጉድለቱን ካልነገሩን የባሰ ነገር አለ ማለት ነው ብለው ሸሹ። አንዱማ «ውስጡን ብል በልቶት ይሆናል» ብሎ ከሥሩ ጽፎበታል።

ነጋዴው መጥቶ ከሳያንስ ሳይበዛ ጀርባ ቆመ። «ጭረት አለው ብለህ ጻፍ።»

«የለውማ።»

«ትንሽ ጭረት። ሁለት ሳንቲሜትር። ማንን ይገድላል?»

«የሌለውን አልጽፍም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ነገ ሴትዮዋ ቡፌአቸውን ጭነው ይመለሱ። አንተም አብረህ ተጫን።»

ነጋዴው ወጣ። ለራሱ ብቻ ቢሆን ሳያንስ ሳይበዛ ጃኬቱን አንሥቶ በሄደ። የሴትዮዋ ነገር ግን አንጀቱን በላው፤ ባዶ እጃቸውን የልጃቸው በር ላይ ቆመው ታዩት። ሁለቴ «ጭረት» ብሎ ጻፈ፣ ሁለቴ አጠፋ። ሃያ ሁለት ዓመት ሐሰት ያልጻፈ እጅ በአንድ ከሰዓት እሺ አይልም። እኔና እናንተ ብንሆን ዋሽተን እንገላገል ነበር። እሱ እውነተኛ ሰው ነው፤ ምን ይደረግ።

ተነሥቶ የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። በቡፌው ግራ ጎን፣ ከታች እግሩ አጠገብ ተንበረከከና አንዴ ጫን አድርጎ ሳበው። ድምፁ ለጆሮ ይቀፋል። ማስመሪያ አምጥቶ ለካ፤ አንድ ተኩል ነው። ነጋዴው ያለው ሁለት ስለነበር በቁልፉ ግማሿን ጨመረባትና ርዕሱን ጻፈ። «ቡፌ፣ ባለ ሦስት በር፣ ባለ መስታወት፣ በግራ ጎኑ ሁለት ሳንቲሜትር ጭረት።» ያላመነ መጥቶ ይለካ።

ሰባት ሰው ተሻማበት። ዋጋው የተቃጠለውን ጠረጴዛ እጥፍ ሆነ።

አስተማሪዋ ገንዘባቸውን ሊቀበሉ ሲመጡ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ነበር። ሳያንስ ሳይበዛ የሽያጩን ወረቀት ዘረጋላቸው። ሊፈርሙ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ያለችውን ርዕስ አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ።

«ጭረት?» አሉ።

አንገቱን ደፋ። «እማማ፣ እሱ ነገር...» ብሎ ጀመረ፤ እውነቱን ሊነግራቸው ነበር።

«ተወው ልጄ» አሉ እጁን ይዘው። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ምንም የለውም ብዬ አፌን ሞልቼ ነገርኩህ። ሠላሳ ዓመት በጨርቅ ስወለውለው አንድ ቀን አላየሁትም፤ አይ እርጅና። አንተ እንዲህ ያለ እውነተኛ ሰው ባትሆን የሰው ገንዘብ አታልዬ በልቼ ነበር እኮ። እንኳን አንተ እጅ ጣለኝ።» እጁን ጠበቅ አደረጉት። «አታላይ አይደለሁም። ይቅር በለኝ።»

እጁን አለቀቁም። መልስ ይጠብቃሉ፤ ሳይሰሙ የሚፈርሙ አይመስሉም።

«ይቅር ብያለሁ፣ እማማ» አላቸው።