በወንዙ መሃል ያለው ደሴት

ማንም ሳያስተምረኝ ማንበብም ዋናም የቻልኩ ሰው ነኝ። ልጄ ለክረምት እረፍት ልጆቹን ይዞ ሸዋ ሮቢት ሲመጣ፣ «ደሴትና ጫካ እኔ አሳያችኋለሁ» ብዬ በወንዙ መሃል ወዳለው ዛፍ የበዛበት ደለል ሁለቱን የልጅ ልጆቼን አሻገርኳቸው።

ባለቤቴ፣ «ደጋው ጠቁሯል፤ ይቅርብዎ» ብላኝ ነበር። የቆላ ሰው ወንዝ ከመግባቱ በፊት ቀና ብሎ ደጋውን ያያል፤ ጎርፉ የሚመጣው ከዚያ ነው። እኔ የቆላውን ፀሐይ አይቼ፣ «ወንዙን ለእኔ ተዪው!» አልኳት።

ደራሽ ጎርፍ መጣ። አንዱን በትከሻዬ፣ አንዷን በክንዴ ይዤ ወጣሁ፤ በእኔ ዕድሜ ይህን የሚያደርግ የለም። ልጄ ግን ዳር ቆሞ እያለቀሰ ጠበቀኝ።

«አባባ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰው ቢሰሙ ምን አለበት?»

በማግስቱ ይዟቸው ሄደ። ሁለት ክረምት አለፈ፤ አልመጡም። ትንሿ በስልክ፣ «ወንዙ ሲደርቅ እንመጣለን» ትለኛለች። ወንዛችን እንደማይደርቅ አልነገርኳትም።