የመንኮራኩር ጭነት

በሙከራ ቅጥር ላይ ሳለሁ ርዕሰ መምህሩ ሊገመግሙኝ ደብረ ታቦር ወደማስተምርበት ክፍል ገቡ። ትምህርቱ ስለ ሰው ሠራሽ ስበት ነበር። የጠፈር መንኮራኩር ስትሽከረከር ተሳፋሪዎቿ ወደ ጠርዙ ይገፋሉ፤ ጠርዙም እንደ ወለል ይሆናቸዋል። የብስክሌት ጎማ በመሐል ብረቱ ይዤ፣ ተሳፋሪ ያልኋቸውን ሦስት ድንቾች እርስ በርስ እንዲያወጉ ብዬ በጠርዙ አንድ ወገን አሰርሁ። ሳሽከረክረው ጎማው እጄን አንቀጥቅጦ አመለጠኝ። ክፍሉ ሳቀ።

ከጉና የመጣች ተማሪ፣ «ቲቸር፣ በቅሎ ጭነው አያውቁም እንዴ? ጭነቱ እኮ አጋደለ» አለች።

«እስኪ አንቺ ጫኚው።»

በትይዩው ወገን እኩል ድንች አሰረች። ጎማው ሳይንቀጠቀጥ ዞረ።

«መንኮራኩርም ሰዎቿ በአንድ ወገን ከተሰበሰቡ እንዲሁ ትንገዳገዳለች» አልሁ፣ ጎማውን ከፍ አድርጌ።

ርዕሰ መምህሩ ሲወጡ፣ «ቋሚ ነህ፤ ጭነት ግን ከእሷ ተማር» አሉኝ።