ከዘይቱኑ ሥር የቀረው መጥረቢያ

ሆሳዕና ባለው ጓሯችን ሟቹ ባለቤቴ የተከለው ዘይቱን ትል ገባበት። ፍሬው ከውጭ ቢጫና ያማረ ነው፤ ሲገምሱት ነጫጭ ትል ይርመሰመሳል። ከአጥር ማዶ የሚኖረው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም መጥረቢያ ይዞ መጣ።

“እትዬ፣ ዛፉ የሰፈሩን ፍሬ ሁሉ በከለ። ይቆረጥ።”

“እስከሚቀጥለው ፍሬ ታገሠኝ። ያኔም ትል ካለው ቁረጠው። መጥረቢያህ ግን እዚሁ ይቆይ” አልኩት። ግንዱ ላይ አስደግፎት ሄደ።

የግብርና ባለሙያዋ ለሁለታችንም አስረድታን ነበር። ዝንቧ ፍሬው ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፤ ፍሬው ሲረግፍ ትሉ አፈር ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። የረገፈው በየቀኑ ተለቅሞ፣ በጥቁር ላስቲክ ታስሮ ፀሐይ ላይ መዋል አለበት።

ጠዋት ጠዋት እለቅማለሁ። ላስቲኩን ድንጋይ ላይ አድርጌ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሙቀቱ ሲበረታ ትሎቹ እየተስፈነጠሩ ላስቲኩን መታ መታ ያደርጉታል። ዝም እስኪሉ አልነሣም ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።

ዝንቡ ግን አልቀነሰም። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ፣ የባለቤቴ ወንድም ከራሱ ዘይቱን የረገፈውን በቅርጫት እንሰቱ ሥር ይደፋል። እኛ አገር ፍግም ጥራጊም የሚደፋው እንሰት ሥር ነው፤ ሌላ ቦታ ማን ያስባል?

“ምን እያደረግክ ነው?”

“እንሰቴን እያበላሁ ነዋ! እርስዎ ትልዎን በላስቲክ አዝለው ያሳድጉ!” ብሎ ሳቀ።

በየቤቱ የሚዞረው የሰፈሩ ጸሎት ተራ እሱ ቤት እስኪደርስ ጠበቅኩ። አሜን ከተባለ በኋላ እንግዶቹን ወደ ጓሮ ጠራሁና የእንሰቱን ሥር በመቆፈሪያ ገለበጥኩት። ስንዴ የመሰሉ ቡናማ ፍሬዎች ወጡ። አፍሼ የባለቤቴ ወንድም መዳፍ ላይ አኖርኩለት። አንዱ ሲንቀሳቀስ እጁን አራገፈ።

“ምንድን ናቸው?”

“ያሳደግካቸው ትሎች ናቸው። ክንፍ ሲያወጡ ወደ እኔ ትልካቸዋለህ።”

“እንግዲህ የሚቆረጠው የማን ዛፍ ነው?” አሉ አንዲት አሮጊት። ሁሉም ሳቀ፤ እሱ ብቻ አልሳቀም።

ከማግሥቱ ጀምሮ የራሱን ላስቲክ ተሸክሞ ይመጣ ጀመር፤ የእሱን ጓሮ እንሰቱ ስለጋረደው ፀሐይ ያለው የእኔ ድንጋይ ላይ ነው። ተቀመጥ አላልኩትም።

የእኔ ዛፍ አዲስ ፍሬ ሲደርስ የመጀመሪያውን በራሱ ቢላዋ ገመሰው። አገላብጦ አየው፤ ትል የለበትም። ወደ አፉ ሊያስጠጋው ሲል እጄን ዘረጋሁና ተቀበልኩት።

“መጀመሪያ መጥረቢያህን አንሣ” አልኩት።