ሠላሳ ሰባተኛዋ ቤት

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ከዚያ አንድ ረጅም ዝምታ፤ ከዚያ ደግሞ ጠቅ። ካቻቢቴ ያን ድምፅ ከሰማ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም ግን ዓይኑን ጨፈን ካደረገ ከነሽታው ይመጣለታል፤ የጋለ አቧራና የሞቀ ላስቲክ ሽታ።

ድምፁ የአንድ ማሽን ነበር። በሙያ ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል፣ ቁም ሣጥን የሚያህል የማስተማሪያ ኮምፒውተር ቆሞ ነበር። እንደ ዛሬዎቹ ሥዕል አያሳይ፣ ዘፈን አያሰማ፤ ቋንቋው ቁጥር ብቻ ነው። ሆዱ ውስጥ መቶ ቤቶች አሉት፤ በየቤቱ አንድ ቁጥር ያድራል። አንድ ካሉት ያመጣል፣ ሁለት ካሉት ይደምራል፣ ሦስት ካሉት ያኖራል፣ አራት ካሉት ያሳያል፣ ዜሮ ካሉት ያቆማል። ተማሪ ሁሉ የሚረሳት ያችን የመጨረሻዋን ነበር። እሷ የተረሳች እንደሆነ ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ እንኳ አያርፍም፤ ቀጥሎ ያገኘው ቁጥር ሁሉ ትእዛዝ እየመሰለው፣ የሠራውን መልሶ እያፈረሰ ይነጉዳል።

አስተማሪዋ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ነበረች። የተማሪውን ወረቀት ታይና በእርሳሷ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ፣ "አቁም የታለች?" ትላለች። ተማሪዎቹም "እትዬ አቁም" ብለው ስም አወጡላት። እሷ በበኩሏ ለማሽኑ ጠጋኝ ስም አወጣችለት። ከኮቱ ኪስ የብሎን መፍቻው፣ ካቻቢቴ፣ አይጠፋም ነበርና ካቻቢቴ አለችው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከዚያ ወዲያ የጠራው የለም።

ማሽኑ አንድ ሕመም ነበረበት። ሠላሳ ሰባተኛዋ ቤት አሥራ ሁለት ቢያኖሩባት አሥራ ሦስት ትመልሳለች፤ ሃያ ቢያኖሩባት ሃያ አንድ። ካቻቢቴ በሳምንት ሁለት ቀን ይጠራል። ይመጣል፤ ክዳኑን ይፈታል፤ ከማሽኑ ኋላ ቁጭ ብሎ ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ያዳምጣል፤ ክዳኑን ይገጥምና "ነገ አስተካክላታለሁ" ብሎ ይሄዳል። ያ "ነገ" ሁለት ዓመት ፈጀ። በሦስተኛው ዓመት እሱና አስተማሪዋ ተጋቡ። ማሽኑም አርጅቶ ተነቃቅሎ ተጣለ፤ ሠላሳ ሰባተኛዋ ቤት ከነሕመሟ ሄደች።

ሕመሟ አንዲት የተጣመመች ሽቦ ነበረች፤ ግማሽ ደቂቃ የማትፈጅ ሥራ። ካቻቢቴ ይህን ለሚስቱ ነግሯት አያውቅም። መጀመሪያ አፈረ፤ ኋላ ደግሞ "ቀን አለ፣ አንድ ቀን እንስቅበታለን" አለ።

ያ ቀን ሳይመጣ ሚስቱ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ መነጽሯን፣ ቀጥሎ የሰፈሩን መንገድ፣ ቀጥሎ የልጇን ስም። ካለፈው ክረምት ወዲህማ ባሏን "እርስዎ" ትለዋለች። ሻይ ሲያቀርብላት ከወንበሯ ብድግ ለማለት እየቃጣት "ምነው፣ ለምን ተቸገሩ?" ትላለች። አንጀቱን የሚበጥሰው ያ "ለምን ተቸገሩ" ነበር።

ሐኪሟ፣ "የድሮ ነገር አቅርቡላት፤ አንዳንዴ የጠፋው በዚያ በኩል ይመለሳል" አለች። የሠርጉን ፎቶ አቀረቡላት። "ደስ የሚሉ ሰዎች ናቸው" ብላ መለሰችላቸው። ያኔ ካቻቢቴ የማስተማሪያ ደብተሯን ከሣጥን ሥር አወጣና፣ ያን ማሽን በልጁ ላፕቶፕ ውስጥ ሊሠራው ተነሣ፤ አካሉ የሌለ፣ ጠባዩ ግን ያው የሆነ አስመሳይ ፕሮግራም። ምኞቱ አንዲት ነበረች። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካቻቢቴ ብላ ትጥራው።

"አባዬ፣ በስተርጅና ፕሮግራም ጸሐፊ ልትሆን?" አለችው ልጁ።

"ምን ላድርግ፤ ይኼ ዕቃሽ ካቻቢቴ የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ የለውም።"

"ትንሽ ቀለም ጨምርበታ፤ እንዲያምር።"

"ብርቱካንማ መብራት፣ ጥቁር ሰሌዳ። አለቀ። እናትሽ የምታውቀው ይኼንኑ ነው።"

"ድምፁስ?"

"እሱን ለእኔ ተይው።"

ድምፁን የጓዳውን በር መቀርቀሪያ እየነካካ ቀዳው፤ በሠላሳኛው ሙከራ የሚመስለውን አገኘ። ፕሮግራሙ ሰባት ወር ፈጀ። ሠላሳ ሰባተኛዋ ቤት ላይ ሲደርስ ካቻቢቴ ትንሽ አሰበና ጤነኛ አድርጎ ሠራት። የሁለት ዓመቱ "ነገ" ዛሬ ይሁን አለ በሆዱ። ለሚስቱ እንከን የሌለበት ማሽን ሊሰጣት ፈለገ።

አንድ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ በተጋደመችበት ሰዓት፣ ሚስቱን ደብተሯን አስይዞ ከላፕቶፑ ፊት አስቀመጣት። ልጅቱ በሩ ሥር ቆመች። ካቻቢቴ ሰባትና አምስትን ደምሮ፣ ሠላሳ ሰባተኛዋ ቤት አኑሮ፣ ከዚያው አምጥቶ የሚያሳይ ትእዛዝ ጻፈ። አቁምን አልረሳም።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

የሴትየዋ ትከሻ ቀና አለ። በእጇ ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ፈለገች፤ ልጅቱ ፈጥና እርሳስ አስያዘቻት። ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ አሥራ ሁለት በራ።

እርሳሱ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታ።

"ይኼ የኛ አይደለም" አለች።

"እንዴት አወቅሽ?" አላት ካቻቢቴ።

"ሠላሳ ሰባት እኮ ታማሚ ናት። አሥራ ሦስት ነው የምትለው።"

"ተጠግና ይሆናላ።"

"በማን? በዚያ ቴክኒሻን?" ሳቀች፤ የድሮ ሳቋን። "እሱማ ሆን ብሎ ነው የሚተዋት። አንዲት ሽቦ ናት የተጣመመችው፤ አንድ ቀን እሱ በሌለበት ከፍቼ አይቻታለሁ።"

"ካየሻት ታዲያ ለምን አላቃናሻትም?"

"ካቃናኋትማ በምን ይመጣል?" ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ለማያውቁት ሰው ምሥጢር እንደሚያወጡት። "የማላውቅ ይመስለዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።"

"ስሙ ማን ነበር?" አላት ካቻቢቴ።

"ካቻቢቴ" አለች ወዲያው።

ሰባት ወር የጠበቀው ስም ይኸው ከአፏ ወጣ፤ ወደ እሱ ግን አልመጣም።

"እኔ እኮ ነኝ" አላት። "ካቻቢቴ እኔ ነኝ።"

ዞር ብላ አየችው። ከሽበቱ እስከ ነጠላ ጫማው፣ የተማሪ ወረቀት እንደምታነብ ቀስ ብላ አነበበችው። ከዚያ እንዳይከፋው ተጠንቅቃ፣ "አይ አባቴ" አለች፤ "እሱ ልጅ እግር ነው።"

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ካቻቢቴ ላፕቶፑ ላይ አጎነበሰ። ሠላሳ ሰባተኛዋን ቤት ፈልጎ አገኘና፣ የገባባት ሁሉ ላይ አንድ እንድትጨምር አድርጎ አበላሻት። ትእዛዙን በጥድፊያ እንደገና ጻፈ። ማሽኑ ጠቅ ጠቅ ብሎ አሥራ ሦስትን አበራ።

"አሁንስ?"

"አሁን ልክ ነው።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። "ዛሬ ቀኑ ነው፤ ሳይመጣ አይቀርም" አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ፀጉሯን በመዳፏ አስተካከለች። እርሳሷን ደብተሯ ውስጥ ሰክታ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ታቅፋ ተነሣች።

ካቻቢቴ በጥድፊያው አቁምን ሳይጽፍ ቀርቶ ነበር። ማሽኑ አሥራ ሦስቱን አጥፍቶ ወደ ፊት መንጎዱን ቀጠለ፤ ሰሌዳው ላይ ትርጉም የሌላቸው ቁጥሮች ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። "አቁም የታለች" ትለው እንደሆነ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። እሷ ግን ሰሌዳውን አላየችውም፤ ልጅቱ የለቀቀችላትን በር አልፋ፣ ሳትሰናበተው፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ወጣች።