የእናቴ አራት ክኒኖች

እናቴ በመጀመሪያ የነገረችኝ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ መጥቆሩን ነው። ከዚያ በፊት ለወራት "ሁለት ጉርሻ ያጠግበኛል" ስትል የጾም ድካም ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ዘጋቢ ነኝ፤ ሥራዬ ሰው መጠየቅ ነው። እናቴን ግን አልጠየቅኋትም።

ከምትኖርበት ከጋፋት ደብረ ታቦር ስትደርስ ከባጃጅ መውረድ አቃታት። ደሟ አንሶ ነበር። ደም ተሰጣት። ባሕር ዳር ጨጓራዋ በኢንዶስኮፒ ታየ። ዕጢ አለ። ናሙና ተወሰደ። ካንሰር ነው።

ዶክተሩ ጂስት የተባለ የጨጓራ ካንሰር ዓይነት መሆኑን ነገረኝ። ሴል የሚያድገው "እደግ" የሚል መልእክት ሲደርሰው ነው። መልእክቱን የሚያደርሰው የዕድገት ፋክተር፣ በሴሉ ገጽ ላይ ሆኖ የሚቀበለው ደግሞ ሪሴፕተር ይባላል። በእናቴ ዕጢ ላይ ኪት የተባለው ሪሴፕተር ተበላሽቶ፣ ማንም መልእክት ሳይልክ ሴሉን እደግ ይለዋል። ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን ይህን ያፍናል። በየቀኑ አራት፣ ከምግብ በኋላ፣ ከብዙ ውኃ ጋር። ዕጢው ሲያንስ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ከሦስት ወር በኋላ ሲቲ ስካን ተነሣች። ዕጢው አላነሰም። ጨምሯል።

ዶክተሩ መድኃኒቱን ከመቀየሩ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ። "እማማ፣ በቀን ስንት ይወስዳሉ?"

"ሁለት።"

"የቀሩት ሁለቱስ?"

"ለየሺ።"

የሺ የማኅበር እኅቷ ናት። በየወሩ በተረኛዋ ቤት ሲሰበሰቡ የቀረበውን ሁሉ ተካፍለው ይቀምሳሉ። የሺ የጡቷን ዕጢ ያሳየችው ለእናቴ ብቻ ነበር፤ ሐኪም ዘንድ አልሄደችም። "እሷም ዕጢ፣ እኔም ዕጢ። ደብቄ ብቻዬን ልዋጠው?" አለች እናቴ። ክኒኑን የማመጣላት እኔ ነኝ። ማለቁን እንጂ ማን እንደጨረሰው አላጣራሁም።

ዶክተሩ አልተቆጣም። "ይህ ክኒን የሚያፍነው የእርስዎን ዓይነት ዕጢ ነው። የእሳቸው በሌላ መልእክት የሚያድግ ይሆናል፤ ይመርመር። እስከዚያ ግን ሁለታችሁም እየተጎዳችሁ ነው" አለ።

ከእናቴ ጋር ወደ ጋፋት ተመለስን። እንደደረስን ወደ የሺ ቤት ሄደች።

"ክኒንሽን ልትነጥቂኝ መጣሽ?" አለቻት የሺ እየሳቀች።

"አዎ። ያንቺን ልንፈልግልሽ ነው። ልበሽና ሐኪም ዘንድ እንሂድ።"

የየሺ ዕጢ ኢስትሮጅን በተባለ ሆርሞን የሚያድግ ሆኖ ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ አሁን የራሷን ክኒን ትወስዳለች። እናቴ አራቱንም መዋጥ ስትጀምር የዓይኗ ዙሪያ አበጠ፣ ሌሊት ባቷን ይይዛት ነበር፤ ሆኖም በወራት ውስጥ ዕጢው እያነሰ መጥቶ በቀዶ ሕክምና ወጣላት፣ ክኒኑም ቀጠለ፤ በጾም ወቅት የንስሐ አባቷ ቁርስ እንድትቀምስ ስለፈቀዱላት ቀን አልዘለለችም፣ ዛሬም ቅዳሜ ገበያ በእግሯ ትወርዳለች።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመም ከገባ የናሙናውን ውጤት ወረቀት አትጣሉ። ዕጢው በምን መልእክት እንደሚያድግ ሐኪሙን ጠይቁ። ክኒኑ መገዛቱን ብቻ ሳይሆን መዋጡን እዩ። ለሌላ ሰው ማዘን ከፈለጋችሁ እጁን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ያንን ጥያቄ ለጠየቀው ዶክተር፣ ስሙን ለማላውቀው ደም ለጋሽ፣ ለንስሐ አባቷም ምስጋናዬ ትልቅ ነው።

የሺ በየጠዋቱ ትደውላለች።

"ዋጥሽ?"

"አራቱንም። አንቺስ?"

"የራሴን።"