አባቴ ለባዶዋ መኪና የገዛው

የልጅ ልጆቼ ናቸው አውሪ ያሉኝ። ዛሬ ጠዋት የጭነት መኪናቸውን ግቢ አቁመው ይከራከራሉ። ማሽላው እንዳይከብዳት ብለው የፊት ባሌስትራዋ ላይ ብረት አስጨምረው ነበር፤ አፍንጫዋ ከፍ ሲል፣ ንጥረቱን የሚያበርደው የድሮው አሞርዛተር አጠረና ተበጠሰ። አሁን አንዱ ጠንካራ ይገዛ ይላል፣ አንዱ ለስላሳ። «እምዬ፣ አባትሽ ሹፌር አልነበሩ? እሳቸው የቱን ገዙ?» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ፊቴ ጋለ። በዚህ ዕድሜም ፊት ይግላል ለካ።

አባቴ ሰይድ እንደነዚሁ ባሌስትራ ያስጨመረ ዓመት፣ እኔ ገና ያልታጨሁ ልጃገረድ ነበርኩ። አሞርዛተር ሊገዛ ከቆቦ ወልድያ ሲወጣ ተከተልኩት። ጥቅምት ነው፤ ማሽላው በመንገዱ ግራና ቀኝ ራሱን ደፍቷል፤ ጉንጬ በተጠበሰ እሸት ሙሉ ነበር።

ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አወጣ። «አያ ሰይድ፣ ጠንካራውን ውሰድ፤ ለጭነት እሱ ነው።»

«ጭነቱማ ራሱ ይይዛታል። እኔ የምፈራው የባዶዋን መንገጫገጭ ነው» አለና ለስላሳውን አነሳ።

«ኧረ ሰው ለባዶ መኪና ይገዛል?» ብሎ ባለሱቁ ጠቀሰኝ።

እውነትም ማሽላውን ወልድያ አራግፎ መንገደኛ አሳፍሮ ሲመለስ፣ መኪናዋ እንደ ውሃ ትፈስ ነበር። ጭነት ስትሸከም ግን ወዲህ ዘንበል፣ ወዲያ ዘንበል ትላለች፤ ልክ ከአፋር ጨው ጭና የምትመጣ ግመል። የቆቦ ገበያ መቼ ይለቀናል!

«ግመሏ መጣች! አያ ሰይድ፣ ስንት ትታለባለች?»

«ዕቃ ይዘህ ና፣ አልብልሃለሁ!» ይላል አባቴ በመስኮቱ።

እሱ ይስቃል፤ እኔ ሻሼን ፊቴ ላይ እጥላለሁ። ውሃ ስቀዳ ጓደኞቼ «የግመሏ እህት» ይሉኛል። ኋላ ኋላማ ገበያው ሳይደርስ እየወረድኩ በእግሬ እገባ ጀመር።

በዓመቱ በወልድያ መንገድ ላይ ካለችው ከሮቢት ሽማግሌ መጣና ታጨሁ። በኛ ወግ አባት ሙሽራ ልጁን ተከትሎ አይሄድም። አባቴ ግን «እኔ እኮ ሹፌር ነኝ፤ ሹፌርን ማን ይከለክላል?» ብሎ መላ አገኘ። በሠርጉ ዋዜማ መኪናዋን አጠባት፣ መስተዋቷ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረላት። እኔ ወጥቼ አየሁና፣

«በግመል አልሄድም። የሮቢት ሰው ይስቅብኛል» አልኩት።

 ከዚያ ቀዩን ጨርቅ ፈታው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። «እሺ እናቴ» አለኝ። በማግስቱ የጎረቤት መኪና ወሰደኝ፤ እሱ እንደ ማንኛውም አባት ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

ልጆቹ አሁንም መልስ ይጠብቃሉ። እኔ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩ ሴት፣ ስለ ብረት ምን አውቃለሁ? «ባዶ ስትመለሱ ማንን እንደምታሳፍሩ አስቡ» አልኳቸው።

ይህን ያወቅሁት አባቴ ካረፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ አርጅተው ገላቸውን ሳጥብ፣ ሆዳቸው ላይ ረጅም ጠባሳ አየሁ። ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ይሄማ አንቺን ያመጣልኝ ነው» አሉ። «ወልድያ ሐኪም ቤት ሆዴን ተቀድጄ ስወጣ፣ ሮቢት ያደረሰችኝ ያባትሽ ባዶ መኪና ናት። ወላሂ፣ ስፌቴ አንዴ እንኳ አልቆነጠጠኝም። ቤት እንደገባሁ፣ ‹ያ ሰው ሴት ልጅ ካለችው ሂዱና ለልጄ ለምኑልኝ› አልኩ።»